እሾህን በእሾህ፣ ነቀዝን በሻጋታ

ባለፈው ወር ከጮሌ አንድ ማዳበሪያ ስንዴ ተላከልን። (ጮሌ ስንል ብልጣ ብልጥ ሰው ማለታችን አይደለም፤ በአርሲ ደጋ ያለችውን ወረዳ ነው። ብልጣ ብልጦቹ ወደ ኋላ ይመጣሉ።) ላኪዋ የአንዳችን አያት ናቸው። በኦሮምኛ «አኮ» እንላቸዋለን። ማዳበሪያው ሲፈታ ከስንዴው መሀል በጨርቅ የተቋጠረ ግራጫ ብናኝ ዱብ አለ። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ስልክ ደወልን።

«አኮ፣ ይሄ የተቋጠረው ነገር ምንድን ነው?»

«የነቀዝ ኪኒን ነዋ! እናንተ ጋ እስኪደርስ እንዳይነቅዝ ብዬ ነው።»

«ከየት ገዙት?»

«ከገበያ። በፍሬ ይሸጣል።»

«እህሉ የት ተቀምጦ ነበር?»

«እኔ የምተኛበት ክፍል ነዋ! ውጭ ባስቀምጠው ሌባ መች ያስቀምጥልኛል?»

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። አኮ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ! ሃሎ!» ይሉ ነበር።

ዝም ያልነው ኪኒኑ ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። የነቀዝ ኪኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ከአየር ላይ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አንዷ የ3 ግራም ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ታወጣለች። ግራጫው ብናኝ ሥራውን የጨረሰ ኪኒን ቅሪት ነው። ጋዙ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ነቀዙን ይገድላል፤ እዚህ ላይ ኪኒኑን አናማውም። ችግሩ ጋዝ ነቀዝን ከአኮ ለይቶ አያውቅም። ነቀዝ የሚተነፍሰውን አየር የሚተነፍስ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። ደግሞ ለፎስፊን ማርከሻ የለውም። ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው የሚደረግለት ነገር ቢኖር ሰውነቱ እስኪቋቋም መደገፍ ነው፤ ከተቋቋመ።

ስለዚህ ይህ ነገር የሚሠራው በታሸገ መጋዘን፣ በሠለጠነ ባለሙያ፣ በጭምብልና በማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። በእኛ አገር የሚሠራው በአኮ መኝታ ቤት ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ክስ ነው። ተከሳሿ አኮ አይደሉም። ነጋዴውም ብቻውን አይደለም። የምንከሰው እህል ማምረትን ፖለቲካ፣ እህል ማስቀመጥን ግን የአሮጊቶች ጣጣ ያደረገውን አስተሳሰብ ነው። ከኪኒኑ ሌላ መንገድ መኖሩ በምርምር ከታየ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ መንገዱ ከቤተ ሙከራ በር እንዳያልፍ የተወውን ዝምታ ነው።

ሻጋታ የሚባለው ወታደር

ሌላው መንገድ ምንድን ነው? ሻጋታ። አዎ፣ ሻጋታ። አትሳቁ።

ነገሩ የጀመረው በሐር ትል ነው። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ የሐር ትሎችን እየፈጀ ነጭ አቧራ የሚያለብሳቸው በሽታ ከአንድ ሻጋታ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1835 አሳየ። ሻጋታው በስሙ ቦቬሪያ ባሲያና ተባለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1879 ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ኦዴሳ ላይ ሌላ ነገር አሰበ፦ የእኛን ትል የሚገድል ሻጋታ ካለ፣ የጠላታችንን ትል የሚገድል ለምን አይኖርም? ሜታራይዚየም የሚባለውን አረንጓዴ ሻጋታ የስንዴ ጥንዚዛ ላይ ሞከረው። ስንዴ ላይ! ሜችኒኮፍ በኋላ በሌላ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። የኦዴሳ አካባቢ ስንዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ከጦርነት መሀል በመርከብ ተጭኖ፣ 23 ሺህ ቶን ሆኖ፣ ለኢትዮጵያ ዕርዳታ ጂቡቲ ደረሰ። ስንዴው ሲደርሰን የስንዴ ጠባቂው ሐሳብ እንዴት መንገድ ላይ እንደቀረ የሚያስረዳን ይንገረን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሻጋታው ዘሮች (ስፖር ይባላሉ) ከዱቄት የደቀቁ ናቸው። ነቀዙ እህሉ ላይ ሲርመሰመስ ገላው ላይ ይጣበቃሉ። መበላት አያስፈልጋቸውም። እዚያው ይበቅላሉ፣ የነቀዙን ጠንካራ ቆዳ የሚያሟሟ ኢንዛይም ያመነጫሉ፣ ሰርስረው ይገባሉ፣ ውስጡን እየበሉ ይራባሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ነቀዙ ይሞታል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ሬሳው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፤ ከዚያም ሌላ ስፖር ይበተናል። እህሉን ከውስጥ ሰርስሮ የሚበላውን ነቀዝ ከውስጥ ሰርስሮ የሚበላ! እናቶቻችን «እሾህን በእሾህ» የሚሉት ይህንን ነው።

አምቦ ያለው ፍሪጅ

«ፈረንጅ ያመጣው ሌላ ፋሽን ነው» የምትሉ ካላችሁ ቀጣዩን አንቀጽ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አምቦ ላይ የእጽዋት ጥበቃ ምርምር የሚሠራ ማዕከል አለን። የእኛ ተመራማሪዎች ከዚሁ ከአገራችን የተገኙ የቦቬሪያና የሜታራይዚየም ዓይነቶችን እዚያ አሰባስበው አስቀምጠዋል። አዳነ ካሳ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እነዚህን ፈንገሶች ይዞ ጀርመን፣ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በቆሎ ነቀዝ ላይና ትልቁ የእህል ቀዳጅ በሚባለው ጥንዚዛ ላይ ሞከራቸው። ውጤቱ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ወጣ፤ የዶክትሬት ሥራውም በ2003 ተጠናቀቀ። የተሞከሩት የኢትዮጵያ ፈንገሶች ነቀዙን ገደሉት። ምርጦቹ በቤተ ሙከራ ከ100 ነቀዝ ከ90 በላይ ፈጁ።

እ.ኤ.አ. 2002! ያን ዓመት የተወለዱ ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር ማኪያቶ ይጠጣሉ። ከዚያ ወዲህም በየዩኒቨርሲቲው የማስተርስ ተማሪዎች ያንኑ ሙከራ በሌላ እህልና በሌላ ነቀዝ ደጋግመውታል። ነቀዙ በቤተ ሙከራ ይሞታል፣ ተማሪው ይመረቃል፣ ወረቀቱ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጮሌ ገበያ ላይ ያለው ግን ኪኒን ነው።

ተመራማሪዎቹን አንወቅስም። እነሱ ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ከቤተ ሙከራ እስከ ጎተራ ያለውን መንገድ ማን ይሠራል ብለን ነው የምንጠይቀው። አርሲ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከምርምር ጣቢያ ወደ ገበሬ ደጅ የሚደርስበትን መንገድ ለአገሩ ያሳየ ነው። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል እስከ ዛሬ የስንዴ ዝርያ ያወጣል፣ ዝርያውም ማሳ ይደርሳል። መንገዱ አለ ማለት ነው። ጉዳዩ መንገዱ እስከ ማሳ ሄዶ ጎተራው በር ላይ መቆሙ ነው።

ለምን ቆመ ትሉ ይሆናል። የእኛ መልስ አጭር ነው፦ ኩንታል የሚቆጠረው ኮምባይነሩ ሲያጭድ ነው። ካሜራ ያለው እዚያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ተብሎ በዓል ሲደረግ፣ ከሄክታር ስንት ኩንታል እንደወጣ ሕፃን እንኳ በቃሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ ኩንታል ውስጥ ሐምሌ ላይ ስንቱ ጎተራ ውስጥ እንደተረፈ የተናገረ ባለሥልጣን ሰምታችኋል? እኛ አልሰማንም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከአጨዳ በኋላ የሚባክነው እህል በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል ብሎ ነበር። ነቀዝ ሪባን ስለማይቆርጥ ዜና አይሆንም።

ለጽጌረዳ ዘበኛ፣ ለእንጀራ መርዝ

አሁን ወደሚያናድደን ነገር እንምጣ።

ከአርሲ ደጋ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ የአበባ እርሻዎችን ታገኛላችሁ። ጽጌረዳ ቀይ ሸረሪት የምትባል ተባይ አለችባት። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በኢትዮጵያ ያሉ አንዳንድ የአበባ እርሻዎች ይህችን ተባይ በመርጨት ብቻ መዋጋት ትተው፣ አድና የምትበላት ሌላ ሚጢጢ ፍጥረት ግሪንሃውስ ውስጥ ይለቃሉ። የኔዘርላንድ ባለሙያዎች መጡ፣ ሥልጠና ተሰጠ፣ ገንዘብ ተገኘ፣ ፈቃድ ተሰጠ። ለምን? የአውሮፓ ገዢ መርዝ የተነከረ አበባ ፊቱን ያዞርበታላ!

ልብ በሉ። አበባ አይበላም። አውሮፓዊቷ የምታሸተው ጽጌረዳ ሕያው ዘበኛ ተቀጥሮላታል። የእኛ ሰው በየቀኑ የሚበላው እህል ዘበኛው በፍሬ የሚሸጥ ኪኒን ነው። አበባ አምራቾቹን አንቀየምም፤ ደግ አደረጉ። ያሳዩን ነገር ግን ትልቅ ነው፦ በዚህ አገር ተባይን በተባይ መከላከል ይቻላል። የሚፈለገው «አልቀበልም» የሚል ገዢ ብቻ ነው። እኛ ከተሜዎቹ የእህል ገዢዎች ነን። አልቀበልም ብለን እናውቃለን?

ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ኬንያ ኢሲፔ በሚባለው ናይሮቢ ባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል የተገኘ የሜታራይዚየም ዓይነት በአገሯ ፋብሪካ ተመርቶ ለገበሬ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ ሲወረን፣ መንግሥት እንኳ በቅጡ የላትም የምንላት ሶማሊያ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዕርዳታ ሜታራይዚየም በሰፊው ረጨች። እኛ ኬሚካል ረጨን። ብራዚል ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሸንኮራ አገዳዋን በዚሁ ሻጋታ ትጠብቃለች። የሚያመርቱት በምን መሰላችሁ? በተቀቀለ ሩዝ! ሩዙን ይቀቅላሉ፣ በላስቲክ ከረጢት ያደርጋሉ፣ ሻጋታውን ይዘሩበታል፣ ሲበቅል ያደርቁትና ስፖሩን ይነፉታል። አዳሚ ቱሉ ላይ ለወባ ዲዲቲ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ማቆም የቻለ አገር ሩዝ ቀቅሎ ሻጋታ ማሳደግ አቃተው ብትሉን አናምንም።

«እህላችን ላይ ሻጋታ?»

ተቃውሞዎቹን እናውቃቸዋለን። አንድ በአንድ እንመልስ፤ እውነት ያለበትን እውነት እያልን።

አንደኛ፣ «ሻጋታ መርዝ አይደለም ወይ? ስለ አፍላቶክሲን ስንሰማ አልኖርንም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። አፍላቶክሲን የሚያመጣው አስፐርጊለስ የሚባል ሌላ ሻጋታ ነው፤ የሚበላውም እህሉን ራሱን ነው። ቦቬሪያ ነፍሳት አዳኝ ነው፤ በደንብ የደረቀ እህል ላይ አያድግም። አሜሪካ አንዱን የቦቬሪያ ዓይነት ለእርሻ እንዲውል ከ1990ዎቹ ጀምሮ መዝግባዋለች። ይህ ማለት ግን «እንደ ሽሮ አፍሱት» ማለት አይደለም። ማንኛውም ደቃቅ ብናኝ ለሚተነፍሰው ሰው አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ጭምብል ያስፈልገዋል፤ እያንዳንዱ ዓይነትም መመርመርና መመዝገብ አለበት። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ለዚህ ዓይነት ነገር ነው። ያው አዋጅ እያለ ኪኒኑ በጉልት በፍሬ እንደሚሸጥም አንርሳ።

ሁለተኛ፣ «ቀርፋፋ ነው፤ ደግሞ ፍሬ ውስጥ ያለውን ትል አይነካም።» እውነት ነው። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን ቀዳ እንቁላሏን ታስገባና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ ውስጥ ያድጋል። ጋዝ ይደርስበታል፣ ስፖር አይደርስበትም። ሻጋታው የሚይዘው አድጎ ሲወጣና እህሉ ላይ ሲመላለስ ነው። ስለዚህ የነቀዘ እህልን የሚያድን ሳይሆን ገና ሲገባ የሚጠብቅ ነው። እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲገባ ከተደረገ ግን ቀጣዩ ትውልድ እንዳይፈለፈል ያደርጋል። ለእርዳታም ጓደኛ አለው፦ እንደ ዳያቶማይት ያለ ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት የነቀዙን ሰም መሳይ ሽፋን ይፍቃል፤ በተፋቀው በኩል ሻጋታው ይገባል፤ ሁለቱ አብረው ከየብቻቸው የበለጠ ይገድላሉ። ዳያቶማይት ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አጠገብ የተቀበረ ሀብት ነው። ከአዋሽ መልካሳ የአሉሚኒየም ሰልፌት ፋብሪካ የሚወጣው ተረፈ ምርት እንኳ በቆሎ ነቀዝን እንደሚገድል የእኛው ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ሦስተኛ፣ «ጮሌ ብርድ ነው፤ ሻጋታው አይሠራም።» ይህኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ቦቬሪያ በደንብ የሚሠራው 25 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በብርድ ይዘገያል። ግን ነቀዙም እንዲሁ ይዘገያል! አኮ እንደሚሉት ድሮ የእህላቸው ጠባቂ ብርዱ ነበር፤ «በእኔ ልጅነት ነቀዝ የቆላ ወሬ ነበር» ይላሉ። አሁን ግን አገሩ እየሞቀ ነው፣ እህሉም ከምድጃ አጠገብና ከመኝታ ጋር ነው የሚቀመጠው፣ ከዚያም ተጭኖ ወደ ሞቃቱ አዳማና አዲስ አበባ ይወርዳል። ነቀዝ የሚፈነዳው እዚያ ነው። ከአምቦው ስብስብ ውስጥ ብርድ የሚችል ዓይነት አለ ወይ? ይህን የሚመልሰው ጮሌ ላይ፣ በገበሬ ጎተራ፣ ከኅዳር እስከ ሐምሌ የሚደረግ ሙከራ ነው። እኛም የምንለምነው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፣ «አየር የማያስገባው ከረጢት አለ አይደል?» አለ፤ ወዳጃችን ነው። ፒክስ የሚባለው ባለሦስት ንብርብር ከረጢት ነቀዙን በራሱ ትንፋሽ ያፍነዋል፤ መርዝ የለውም። መግዛት የቻለ ይግዛ። ግን ከተራው ማዳበሪያ በብዙ ይወደዳል፤ አይጥ ወይም ሚስማር አንዴ ከበሳው ጥቅሙ ያበቃል፤ 20 ኩንታል በጎተራ ለሚያስቀምጥ ገበሬም አይበቃም። ከረጢቱና ሻጋታው ተቀናቃኞች አይደሉም። ሁለቱም የኪኒኑ ተቀናቃኞች ናቸው።

ኪኒኑ ራሱም ለዘላለም አይሠራም። የምግብና እርሻ ድርጅት በ1970ዎቹ ባደረገው የዓለም ዳሰሳ ፎስፊንን የተላመዱ የእህል ተባዮች አግኝቷል፤ ዛሬ ችግሩ በብዙ አገር አለ። መላመዱ የሚመጣው በምን ይመስላችኋል? ጋዝ በሚያሾልክ ማዳበሪያ ውስጥ ግማሽ መጠን በማጨስ። ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ተርፎ ይወልዳል። ጮሌው ነቀዝ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ የምናሳድገውም እኛ ነን።

የምንጠይቀው

አንድ። ኪኒኑ ከጉልት ይነሳ። በመጋዘን፣ በፈቃድና በሠለጠነ ሰው እጅ ይቆይ፤ በፍሬ መሸጡ ያብቃ። ይህን የምንለው ስለ ነቀዝ ብቻ ብለን አይደለም። ይህ መርዝ በክፉ ቀን፣ በንዴትና በተስፋ መቁረጥ ሰዓት በእጅ በመገኘቱ ስንት ወጣት እንደቀማን በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የሚያድሩ ሐኪሞች ያውቃሉ። ስሪላንካ እጅግ ገዳይ የሆኑትን ፀረ ተባዮች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስታግድ፣ ራስን የማጥፋት ሞት በ20 ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ያህል ቀነሰ። መርዙን ከእጅ ማራቅ ሕይወት ያተርፋል።

ሁለት። የአምቦው ስብስብ ከፍሪጅ ይውጣ። ጮሌን በመሰለ ደጋና በአንድ ቆላ ወረዳ፣ በገበሬው በራሱ ጎተራ፣ ከኪኒኑና ከከረጢቱ ጎን ለጎን ይሞከር። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ በአማርኛና በኦሮምኛ ይነገር። ካልሠራ አልሠራም እንበል፤ ሳይሞከር ሌላ 20 ዓመት አይለፍ።

ሦስት። የግብርና ሪፖርት ሲነበብ ከ«ስንት አመረትን» ቀጥሎ «ስንቱ ተረፈ» የሚል መስመር ይጨመር። ጋዜጠኛ ጓደኞቻችንም ይህንን ጠይቁልን።

አራት፣ ለእኛ ለከተሜዎቹ። እህል ስንገዛ «በምን ነው የተቀመጠው?» እንበል። ነጋዴው መጀመሪያ ይስቅብናል። አሥረኛው ሰው ሲጠይቀው ግን መሳቁን ይተዋል። የአበባ ገዢ ያደረገውን እንጀራ በላተኛ የማያደርግበት ምክንያት የለም።

አኮን በተመለከተ፦ በማግስቱ ደግመን ደወልን። እህሉ ከመኝታ ክፍላቸው እንዲወጣ ተማጸንን። «እሺ፣ አወጣዋለሁ» አሉ። ቀጥለው ግን ጠየቁን፦ «ኪኒኑን ተዉ ካላችሁኝ በምን ልጠብቀው?»

ለጊዜው ሁለት ከረጢት ገዝተን ላክንላቸው። የቀረውን መልስ ግን እኛ ከአዲስ አበባ መስጠት አንችልም። መልሱ አምቦ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ቸር ይግጠመን!